የግራጫዋ መኪና መሐላ

ባሌ ይታያል አመለ ክፉ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ንፋስ መውጫ ላይ መኪና ያሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ፍሬን የሌለው መኪና ላይ ሰው ጭኖ የመጣ ሾፌር ካገኘ አይመክርም፣ አይቆጣም፤ በእጁ የያዘው የብሎን ቁልፍ ይቀድመዋል። አንዱን ሾፌር በክሪክ ብረት ጀርባውን ብሎት፣ ሰውየው ሰንብቶ ነው ቀና ያለው። በሌላው ላይ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ደፍቶበት ልብሱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። እኔም ብሆን የዋዛ አይደለሁም። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፣ እጄም ሰነፍ አይደለም። ሁለታችን የተጣላን ቀን ጎረቤት በሩን ይዘጋል እንጂ ሊገላግል አይመጣም።

መካኒክነቱን የተማረው በደርግ ጊዜ ከጦሩ ጋር ነው። የግራ እጁን ሌባ ጣት እዚያው ሞተር በልቶበታል። ጦሩ ሲበተን በእግሩ ጋይንት ገባ፤ ከአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ አቁሞ ሥራ ጀመረ፤ እኔንም እዚያው አገኘኝ። ከሱ ጋር መኖር ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ በሥራው ላይ ውሸት አያውቅም። እናቱ መጥታ ብትለምነው የታመመን መኪና ደህና ነው አይልም።

ሾፌር መጥቶ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም ያለው እንደሆነ ጥያቄ አያበዛም። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታኮ ያስይዛል። ሞተሩን ያስነሳል፣ ትልቁን ማርሽ ያስገባል፣ ፍሬኑን ረግጦ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለው ፍሪሲዮን ነው። ደህና ከሆነ፣ ጎማው አልሄድም ሲል ሞተሩን አንቆ ያጠፋዋል። ካለቀ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ዝም ብሎ ይጮሃል። ይታያል ይህን ነገር "ማስማል" ይለዋል። በሰው ፊት ነው የሚያደርገው፣ ከዚያ በኋላም ክርክር አይሰማም። ሾፌሮቹም እርስ በርሳቸው "ይታያል አስማላት ወይ?" ይባባላሉ፤ አስማላት ከተባለ ነገሩ አለቀ።

አሁን ያን የስማዳውን ጉድ ልንገራችሁ።

አበጀና የሻው የእናቴ ልጆች ናቸው፤ እኔ ታላቃቸው ነኝ። ሁለቱም ወገዳ አጠገብ ያርሱ ነበር። እኛ ቤት ደም የቆየ ነገር ነው። ገና ልጆች ሳለን አባታችንን አንድ ሰው በድንበር ጠብ ገደለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ካህናትና ሽማግሌ ገብተው ነገሩ በዕርቅ አለቀ፤ ገዳዩ እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጥቶ እግራችን ሥር ወደቀ። ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያነሳለት የሟች ወገን ነው፤ ካነሳለት ምሯል፣ ካላነሳለት ደሙ እንዳለ ነው። የሻው ፊቱን አዙሮ ቆመ። እኔም እንዲነሳለት አልፈለግሁም። አበጀ ግን ሰተት ብሎ ሄዶ አነሳለት። በኋላ እንደ እብድ እየጮህኩ ለምን ብዬ ያዝኩት። "ሰውዬው ደክሞት ነበር" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ወዲያ፣ በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ የአበጀ ልጅ ክርስትና ሊነሳ ደረሰ። ወንድሞቼ ለድግሱ የሚሆን ሊገዙ አርብ ገበያ ወረዱ። ሲሄዱም ሲመለሱም የተሳፈሩት በጥጋቡ መኪና ነው። ጥጋቡ የዚያ የአባታችን ገዳይ የእህት ልጅ ነው። መኪናውም አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ ቀለሟ ከመላጡ የተነሳ ግራጫዋ ነው የሚሏት። ሌላ መኪና አልነበረም፣ ዕርቅም ወርዷል፤ ተሳፈሩ።

ከወገዳ በታች ያለው ዳገት ላይ ግራጫዋ ጮኸች፣ ጮኸች፣ አልወጣም አለች። ጥጋቡ ተሳፋሪውን አወረደ፤ ወንዶቹ ከኋላ ግፉ ተባሉ። አበጀ ጉልበተኛ ስለነበር መሀል ገባ። ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ አድርገው ነበር። ሞተሩ እንደጮኸ መኪናዋ ወደ ኋላ መጣች፤ ታኮውን ዘለለችው። ሌሎቹ ወደ ጎን ተበተኑ። አበጀን ግን ከመንገዱ ጥግ ካለው ቋጥኝ ጋር አጣበቀችው። ደረቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮው እንዳልወጣ የሻው ይናገራል። እሱ እጁን እንደያዘው፣ አበጀ ደም ከአፉ እየፈሰሰ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።

ጥጋቡ ከመኪናው ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ ይጮህ ነበር። የሻው ከመሬት ያነሳው ድንጋይ ጥርሱን አረገፈለት። ከዚያ ያለ የሌለ ዘመድ ተሰብስቦ በዱላ ወረደበት። አጎቱ አባታቸውን ገደለ፣ እሱ ደግሞ ልጃቸውን አውቆ ጨፈለቀው ተባለ፤ ማን ይጠራጠራል? እዚያው ይጨርሱት ነበር። ግን የኔታ ወልደ ሩፋኤል ደረሱ። ከቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ በወገዳ ደብር የሚያስተምሩ፣ የቤታችን ነፍስ አባት ናቸው። መስቀላቸውን ዘርግተው በጥጋቡ ላይ ተኙበት። ለሱ የተሰነዘረ ዱላ ትከሻቸውን መታቸው፣ አልተነሱም። እስከ ሳልስቱ ማንም እጁን እንዳያነሳ አወገዙ። ፖሊሶችም መጥተው ነበር፤ የክላሹን ብዛት ሲያዩ ከየኔታ ኋላ ቆሙ።

ጥጋቡ በተሰበረ አፉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑ አንሸራትቶኝ ነው፣ ነዳጅ ብሰጣትም አልሄድ አለችኝ ይላል። የሻው ውሸት ነው አለ፤ ጠዋት ስንሄድ ያንኑ ዳገት ወርዳ፣ ሌላውን እንደ ፍየል ስትወጣ ነበር፣ አሁን ምን ነካት አለ። የኔታ እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይያት አሉ። ያን ጊዜ ይታያል ይምጣ ያለው ራሱ የሻው ነው። አማቻችን ነው፣ ለጥጋቡ ብሎ አይዋሸንም አለ።

መልእክቱ ሲደርሰን እኔ ፊቴን ነጭቼ፣ ደረቴን ደቅቼ፣ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። ቀብሩ አለፈኝ። መንገድ ላይ ባሌን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ፍሪሲዮኑ ደህና ነው በል፣ ከዚህ ሌላ እስክሞት ምንም አልለምንህም አልኩት። ደህና ከሆነች ደህና ነች እላለሁ አለኝ። በጥፊ አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ የሚመልስልኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ግን እጄን ያዘና፣ አበጀን እኔም እወደው ነበር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል፤ የጥጋቡ ሬሳ ካልታየኝ እህል አይወርድልኝም ነበር።

በሳልስቱ ጠዋት ውርጭ ነጭ ሆኖ አድሯል። ግራጫዋን ከሟቹ ላይ ሲያነሷት ከዳገቱ ሥር ያለው ሜዳ ላይ ገፍተው አቁመዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የነካት የለም። የኛ ዘመድ በአንድ ወገን ክላሹን ታቅፎ ተቀመጠ። ጥጋቡን እጁን የፊጥኝ አስረው አመጡት። ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። አየሁትና ምራቄን ተፋሁበት።

ይታያል ለሁሉም ነገራቸው። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፣ ሰውዬው ዋሽቷል፤ ካልጠፋ እውነቱን ነው። በየኔታ መስቀልም ማለ። የሻውም ሞተሩ ካልጠፋ ጥጋቡን ላይነካ መስቀሉን ሳመ። ከጠፋ ግን ማንም መሀል እንዳይገባብኝ አለ።

ጎማዎቹን ታኮ አስያዘ። ሞተሩን እንደምንም አስነሳ፤ ብርዱ ነው፣ ብዙ አስቸገረችው። ትልቁን ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ለቀቀ። ግራጫዋ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ድርግም ብላ ጠፋች።

እሰይ አልኩ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ይታያል ደግሞ አስነሳት፣ ደግሞ ለቀቀ፣ ደግሞ ጠፋች። ከዚህ በኋላ ማን ይጠብቃል? የሻው ጥጋቡን በእግሩ ደረቱን ብሎ ጣለው፣ ክላሹን አቀባበለ። የኔታ ሲራመዱ አንድ ዘመድ ወገባቸውን ይዞ አስቀራቸው። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ማየት ፈልጌ ነበር።

ይታያል ከመኪናው እንዴት እንደወረደ አላየሁትም። ያቺ የፈረደባት የብሎን ቁልፍ የየሻውን ክንድ ስትመታው ግን አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። ክላሹ ወደ ጎን ጮኸ። ጥይቱ የታኮውን ድንጋይ አገኘው፣ ከድንጋዩ የተፈናጠረው ስንጥር ደግሞ ጉንጬን ቀደደኝ። ይኸው ጠባሳው፣ ዛሬም አለ። ነጠላዬ ደም በደም ሆነ። ዘመድ ሁሉ ተነስቶ ይታያልን በሰደፍ አጣደፈው፤ እሱም በዚያች ቁልፍ አንዱን ግንባሩን ከፈተው። ከሥራቸው ሆኖ እየተደበደበ የሚጮኸው ይሰማኝ ነበር። "ቀዝቃዛ ናት! ሳትሞቅ ነው ያስማልኳት! አሽትቱ!"

የኔታ እንደምንም አላቀቁት። ከአፍንጫው ደም እየወረደ ወደ መኪናው ሄደና ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ፊት፣ ከወለሉ ላይ የተነጠፈውን አጎዛ ገለጠ። ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ከፍሪሲዮኑ ቤት በላይ ያለው ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፣ ጥጋቡ በአጎዛ ነበር የሚሸፍነው። ይታያል እጁን ሰዶ አወጣውና የየኔታ አፍንጫ ሥር ያዘው። ጣቱ ላይ ጥቁር የረጋ ነገር ነበር።

"ቅቤ" አሉ የኔታ።

ይታያል ነገሩን አስረዳ። ፍሪሲዮን ስብ ከነካው ያንሸራትታል፤ ቀልጦ ሳለ ነው እንጂ ሲረጋ አይደለም። በውርጩ ረግቶ እንደ ሙጫ አጣብቆ ይዟታል፣ ለዚህ ነው የጠፋችው። ሞተሩ ይሙቅና ደግሞ ትማል አለ። ዘመዶቼ አጉረመረሙ። እኔ ግን ጮህኩበት፤ ከጥጋቡ ወገን ምን በላህ፣ ወንድሜን ምን ብለህ ሸጥክብኝ አልኩት። በኋላ ማንም አያታልለኝም ብዬ ራሴ ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዘዴ ቢሠራ ዓይኑን አወጣለት ነበር።

ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳት። ወንዶች ከኋላ ጫነባት፣ አስጮኻት። እግሬ ከዚያ ቀዳዳ አጠገብ ነው፤ መጀመሪያ ሙቀቱ መጣ፣ ከሙቀቱ በኋላ ሽታው። የተነጠረ ቅቤ ሽታ። ልክ ለዓመት በዓል ወጥ ሲሠራ እንደሚሸተው ነው። ወንድሜን የገደለችው መኪና ላይ ቁጭ ብዬ ምራቄ በአፌ ሞላ፤ ራሴን ተጸየፍኩ። መኪናዋ እየሞቀች በሄደች ቁጥር ጩኸቷ ይብሳል፣ አካሄዷ ይደክማል። ይታያል መልሶ አቆማት፣ ታኮ አስያዘ፣ ትልቁን ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀ።

አልጠፋችም። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከሥሯ ነጭ ጢስ ወጣ፣ አልጠፋችም። ፍሬኑ ላይ ቆሞ ነዳጁን እስከ ታች ረገጠው፤ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ሞተሩ ምን ገዶት። ውጭ የቆሙት ሁሉ ሽታው ደርሷቸው አፍንጫቸውን ይዘዋል። ያን ጊዜ ልቤ ወረደ፤ ጥጋቡ እውነቱን ነው። እኔ ግን አሁንም የምጠላው ሰው ፈለግሁ። ይህን ቅቤ ማን አባቱ ነው እዚህ የደፋው ብዬ ተነሳሁ።

ስነሳ እግሬ ከወንበሩ ሥር የሆነ ነገር ነካ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ የማሰሮ ስባሪ ነው። ጆሮው በሽቦ ታስሯል። ያን ሽቦ ያሰረችው እናቴ ናት፤ እኔ ልጅ ሆኜ ማሰሮውን ጥዬው ጆሮው ሲነቀል፣ እየረገመችኝ በሽቦ ጠምዝዛ የጠገነችው ነው። እናቴ ስትሞት ማሰሮው የደረሰው ለየሻው ነበር።

ከመኪናው ወረድኩ። የሻው የተመታ ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስባሪውን ፊቱ ያዝኩለት።

"የሻው፣ ማሰሮውን የት ነበር ያስቀመጥከው?"

መጀመሪያ አልገባውም። የገዛነውን ቅቤ እቃው ላይ ብጭነው ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ጋቢና ስለተቀመጥኩ እግሬ ሥር አደረግሁት አለኝ። አልቆም ብሎ እያዘመመ ሲያስቸግረኝ አጎዛውን ገፋ አድርጌ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ ገጠመ አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትመጣ ነው የተሰበረው፣ አበጀ ሲሞት ቅቤ ማን ያስታውሳል አለ። በመንገዱ መናጥ ማሰሮው ከታች ቀድሞ ተሰንጥቆ፣ ቅቤው በሞተሩ ሙቀት እየቀለጠ መንገዱን ሁሉ ሲወርድ እንደነበር እኔ ልነግረው አላስፈለገም። ከፊቱ ላይ አየሁት።

ይታያል የጥጋቡን ገመድ በጉጠት ቆረጠለት። ቆረጠለትና በዚያው ቂጡን በእርግጫ አለው፤ ክዳን የሌላት፣ ፍሬኗ የደከመ መኪና ላይ ሰው የጫንክበት ነው አለው። ለጥጋቡ ያለው ይቅርታ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይታያል ሞተሯ ያልሞቀ መኪና አስምሎ አያውቅም፤ ሾፌር ቸኩያለሁ ካለው ውጣልኝ ይለዋል። የሻውም ቅቤ አይቀምስም። ፋሲካ ሲመጣ ወጡን በዘይት ነው የምሠራለት፣ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ካለ አፉን እለዋለሁ።

ያን ጠዋት ግን የሻው ተነሳ። ክላሹን ከወደቀበት አላነሳውም። ወደ ግራጫዋ ሄዶ ያን ጥይት ያገኘውን የታኮ ድንጋይ በደህናው እጁ ታቀፈ። ሊረዳው የተነሳ ሰው ነበር፣ በዓይኑ መለሰው። ድንጋዩን አንገቱ ላይ እንደምንም አወጣና በተሰበረ ክንዱ ደግፎ፣ እየተንገዳገደ መጣ። ወደ ጥጋቡ የሚሄድ መስሎን ነበር። ወደ እኔ መጣ። ነጠላዬ ላይ የጉንጬ ደም አልደረቀም፤ እግሬ ሥር በግንባሩ ተደፋ።

"እታለም" አለኝ። "አበጀን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ገዳዩን ስጡኝ እያልኩ ነበር የመጣሁት፤ ይኸው ሰጡኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አፍታ ያህል ጠላሁት። አበጀን ከዚያ ቋጥኝ ሥር አየሁት፣ የልጁን የክርስትና ልብስ አየሁት፣ ድንጋዩን አንስቼ ራሱ ላይ መልቀቅ አማረኝ። የሻው አይንቀሳቀስም። ድንጋዩ በአንገቱ ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ እሱ ይተነፍሳል። ክንዱ አብጦ እጅጌውን ወጥሮታል፣ ድንጋዩን ግን አልለቀቀም።

ጎንበስ አልኩና አነሳሁለት። ደክሞት ነበር።